የሰው አገር ቁርስና የኛ አደብ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያለፈውን ክረምት ካይሮ ላይ አረብኛ ስንማር የከረምን አምስት የጀመዓችን ተማሪዎች ነን። ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው፤ «አረብኛው እንዴት ሆነ?» እና «እዚያ ምን ስትበሉ ከረማችሁ?»። የመጀመሪያውን ፈተና ይመልሰዋል። ሁለተኛው ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ እኛ ግን ስለ እሱ የምንለው አለን። ዘንድሮም ለትምህርት፣ ለዑምራ ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄዱ ስላላችሁ ከእኛ ስሕተት ብትማሩ ይሻላል።

የመጀመሪያውን ሳምንት የኖርነው ከቤት ይዘን በሄድነው በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። እሱ ሲሰለቸን ወደ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሄደን የዶሮ ጥብስ እንበላ ነበር። የዶሮው ጣዕም የትም አገር አንድ ነው፤ ዋጋው ግን የቀን ወጪያችንን ግማሽ ይወስዳል። ከምናድርበት ፎቅ ሥር ደግሞ በየማለዳው ከሱብሒ በኋላ አንድ የፉል ጋሪ ይቆማል። የቀን ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ቦርሳ ያነገተው ተማሪ ጋሪውን ከበው ቆመው ይበላሉ። እኛ ከመስኮት እናያቸዋለን። «ሰሃኑ የት ይታጠባል?» እንባባላለን።

በስምንተኛው ቀን ወረድን። መጀመሪያ ያደረግነው ስልካችንን አውጥተን መቅረጽ ነበር። ሰላምታ እንኳ ያስቀደመ ከመካከላችን አልነበረም። ሰውየው ፊቱን ዘወር አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። በላን፤ ጣፈጠን። «ያ ዐም፣ ሒሳቡ ስንት ነው?» ስንል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኸሊሃ ዐለይና» አለን። «በኛ ይሁን፣ ተዉት» ማለቱ ነው። እኛም «ማሻአላህ! የሙስሊም አገር ደግነት እንዲህ ነው» ብለን፣ «ጀዛከላሁ ኸይር» ብለን ሄድን። ቪዲዮውንም «ነጻ ቁርስ በካይሮ» ብለን ለጓደኞቻችን ላክን።

ማታ በአዝሀር ብዙ ዓመት የቆየ አንድ የአገራችን ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ታሪኩን ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። «እናንተ ምሳ እየበላችሁ መንገደኛ ሲያልፍ ‹እንብላ› ትሉ የለ? መንገደኛው ተቀምጦ ሰሃኑን ባዶ ቢያደርገው ምን ትላላችሁ? ኸሊሃ ዐለይናም እንዲሁ ነው። የአክብሮት ቃል ነው እንጂ ዋጋ መተው አይደለም። ሰውየው አራት ልጆች አሉት። ሐቁን ስጡት» አለን።

በማግስቱ ቀድመን ወረድን። ሰላምታ አቀረብን፤ ይቅርታ ጠየቅን፤ የሁለቱንም ቀን ሒሳብ ዘረጋን። ያንኑ ቃል ደገመልን፤ እኛም እንደ ተመከርነው «ላ፣ ወላሂ» ብለን አጥብቀን ለመንነው። ያኔ ተቀበለ። ቆጥሮ ነው የተቀበለው፤ መቁጠሩ ገንዘቡ የሚያስፈልገው እንደ ነበር ነገረን። ቪዲዮውንም አጠፋን። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ቁርሳችን እዚያ ነበር።

ታዲያ ያ ማሰሮ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ባቄላ ነው። መርካቶ ፉል ቤት ገብቶ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ የተከተፈበት ትኩስ ፉል በዳቦ ያልበላ ከመካከላችን ማን አለ? ግብጾች ባቄላውን ቂድራ በሚሉት አንገቱ ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲበስል ያሳድሩታል። በድሮ ጊዜ ማሰሮው የሚያድረው ሐማም በሚባሉት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ምድጃ ረመጥ ውስጥ ነበር። ጠዋት ከሙን፣ ሎሚ፣ ጨውና ዘይት ይጨመርበታል። አንዳንዱ የሚጨምረው የተልባ ዘይት ነው። ጣዕሚያ የሚሉት ጥብስም ከዚሁ ከባቄላ ይሠራል፤ በሻም አገሮች ፈላፍል የሚባለው ግን ከሽምብራ ነው። ማታ በናይል ዳር በጋሪ የሚሸጠው ቱርሙስ ደግሞ የኛው ግብጦ ነው። መራራነቱ እስኪለቅ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ይበላል።

ዳቦውን ግብጾች «ዐይሽ» ይሉታል፤ ቃሉ ሕይወት ማለት ነው። ስሙ ለወጉ ብቻ የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1977 መንግሥት የምግብ ድጎማ ሊቀንስ ሲል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ውሳኔው ተሽሯል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ያልተነካው የድጎማ ዳቦ ዋጋ ከ5 ቂርሽ ወደ 20 ቂርሽ ከፍ ብሏል። ለኛ በቪዲዮ የሚታይ ጨዋታ የሆነው ጋሪ ለሰፈሩ ሰው የኑሮ መሠረት መሆኑን ያወቅነው ይህን ስንሰማ ነው።

በዚህ ዳቦ የኛም ሰዎች ኖረውበታል። በአዝሀር መስጊድ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ» የሚባል የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከኛ ምድርና ከአካባቢው የሄዱት የሚያርፉበት የጀበርቲ ሪዋቅ ይባል ነበር። የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከነዚሁ ስደተኛ ደረሶች ነው። የሪዋቆቹ ተማሪዎች ከወቅፍ ገቢ በየቀኑ ዳቦ ይታደላቸው ነበር። ስለዚህ እኛ ለካይሮ ዳቦ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አይደለንም፤ ከኛ በፊት የበሉና ዒልም ይዘው የተመለሱ አሉ።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ የምንሄደው ለመማር ነው እንጂ ለመብላት አይደለም» ይሉናል። ለነሱ የምናስታውሰው ኢብኑ በጡጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1325 ሐጅ ብሎ ከጣንጃ የወጣው ይህ መንገደኛ ወደኛም ቀጠና መጥቶ ነበር። ዘይላዕ ሲደርስ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። መቅዲሹ ላይ ግን በደረሶች ቤት ተቀመጠ፤ የቀረበለትንም በላ። በቅቤ የተሠራውን ሩዝ፣ በወተት የተቀቀለውን ጥሬ ሙዝ፣ በሎሚ የተሠራውን አቻር፣ እርጥቡን ዝንጅብልና ማንጎውን አንድ በአንድ ጻፈ። ያ የጎዳና ምግብ ሳይሆን የእንግዳ ማዕድ ነበር። ቢሆንም ልዩነቱን ተመልከቱ፦ ከሕዝቡ ጋር ሳያድር ስላለፈባት ዘይላዕ የተወልን በዋናነት ሽታዋን ነው። ተቀምጦ ከበላባት መቅዲሹ ግን ከ600 ዓመት በላይ የቆየ የሰው ኑሮ ተረፈልን። መማር የሚጀምረው ከመቀመጥ ነው።

ሌላው ጥያቄ የሐላል ጉዳይ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። «የሙስሊም አገር ነው» ብሎ ዓይንን ጨፍኖ መብላት እንደ ማያዋጣው ሁሉ፣ በየጋሪው ቆሞ ሻጭን እንደ መርማሪ ማስጨነቅም ከሱና አይደለም። ሰዎች ስጋ ሲያመጡላቸው የአላህ ስም ተጠርቶበት እንደሆነ የማያውቁ ሶሐቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው፣ እናንተ ቢስሚላህ ብላችሁ ብሉ የሚል ምላሽ እንዳገኙ በሐዲስ ተዘግቧል። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ባልሆነበት አገር ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ስጋ ከሆነ በትሕትና ጠይቁ፣ ካልተረጋጋችሁ ተዉት። ከስጋ ነጻ የሆነ የጎዳና ምግብ የትም ብዙ ነው። ካይሮ ላይ ኩሸሪ የሚባለው ሩዝ፣ ምስር፣ መኮረኒና ሽምብራ ተደባልቆ የቲማቲም ድልህና የተጠበሰ ሽንኩርት የሚፈስበት ምግብ እንዲህ ያለ ነው። ብዙዎች ስሙን ኢብኑ በጡጣ ሕንድ ላይ ለቁርስ ሲበላ አየሁት ካለው «ኪሽሪ» ከሚባል የሩዝና የማሽ ምግብ ጋር ያዛምዱታል። ኩሸሪን ሙስሊሙ በአዘቦት፣ ክርስቲያኑ ቅብጥ በጾሙ ወራት በአንድ ጠረጴዛ ይበሉታል። እዚህ ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ሽሮ ከበን እንደምንቀመጠው ማለት ነው።

«ካልጣመኝስ?» ለሚለው መልሱ የታወቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንድም ቀን አላነወሩም፤ ካማራቸው ይበላሉ፣ ካላማራቸው ይተዋሉ። የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦላቸው በአገራቸው የማይበላ ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልፈቀደችው ተናግረው ሲተዉት፣ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን እሳቸው እያዩት በላው። ያልለመዱትን መተው ነውር አይደለም። ነውሩ የሌላውን ቁርስ «ኤጭ!» ብሎ ቀርጾ ለሺህ ሰው ማሳየቱ ነው። እኛ ያንን ፊት በቪዲዮ አሳይተናል፤ አላህ ይማረን።

ለጤና የሚጠነቀቅን ሰውም አንወቅስም። የሰፈሩ ሰው የሚሰለፍበትን ምረጡ፤ ብዙ የሚሸጥ ሰው ያደረ አያቀርብም። ከእሳት ላይ የወጣውን ብሉ፤ ጥሬ ሰላጣውን ሆዳችሁ እስኪለምድ አቆዩት፤ ፍራፍሬውን ራሳችሁ ላጡት። ጂ-6-ፒዲ በሚባለው የደም ችግር ምክንያት ባቄላ የሚጎዳቸው ሰዎችም አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤተሰባችሁ ከታወቀ ፉልን ተዉት። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ማንንም ሳያዋርዱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የተመለስን ሰሞን በዋናው በር ስንገባ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠብሱትን እናት አየናቸው። በርግጥ ለሦስት ዓመት በየቀኑ አይተናቸዋል። የካይሮውን ሰው የልጆቹን ቁጥር እናውቃለን፤ የኚህን እናት ስም ግን ከአምስታችን የሚያውቅ አልነበረም። ካይሮ ላይ «ላ ወላሂ» እያልን አጥብቀን የከፈልን ልጆች፣ እዚህ በአንድ ሳምቡሳ ዋጋ እንከራከራቸዋለን። ቁጭ ብለን ስናናግራቸው ደብተራቸውን አሳዩን። የዱቤ ደብተር ነው። ተመርቀው የሄዱ ተማሪዎች ስም አለበት። አንዳንዱ ስም አጠገብ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን የአንድ ወር የዘይትና የዱቄት ወጪ ይሆናል። እናትየው «ተማሪ ነው፣ ይረሳል» አሉን እንጂ አልከሰሱም። ይህም የኛ አገር «ኸሊሃ ዐለይና» ነው። ከአፋቸው የወጣው ቃል ደግነት ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን ሐቅ ነው።

ዕዳ ቀላል ነገር አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ሞቶ ለስግደት ሲቀርብ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በኔ ላይ ይሁን እስኪሉ ድረስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊሰግዱበት አለመፈለጋቸውን ስንቴ ሰምተናል። የሳምቡሳ ዱቤም ዕዳ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ወደ ውጭ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ የሄዳችሁበትን ሕዝብ ቁርስ ሳትፈሩ ብሉ፤ ግን ሰላምታን አስቀድሙ፣ ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ፣ ሙሉ ዋጋውን ክፈሉ፣ ያልጣማችሁን በዝምታ ተዉት። እዚህ የምንቀረው ደግሞ ከምረቃ በፊት በየበሩ፣ በየሻይ ቤቱና በየጁስ ቤቱ ያለብንን ዱቤ እንዝጋ። የሚቸግረው ካለ ለጀመዓው ይንገር፤ ተጋግዘን እንከፍላለን። እኛ አምስታችን በዚያ ደብተር ላይ የነበረውን የራሳችንን ስም ባለፈው ጁሙዓ ሰርዘናል። አዎ፣ የኛም ስም ነበረበት።

አላህ የበላነውን ሐላል፣ የከፈልነውን ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።