ሦስት ስም ያለው ፓርክ እና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው የጥናት ድርሻ

ስለ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ፍለጋውን የሚጀምረው በፓርኩ ስም ነው። ይሁንና ስሙ አንድ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሆነው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መሠረት ያደረገው ይህንኑ ፓርክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጡ ሰነዶች «ኢንዱስትሪ ፓርክ» የሚለው መጠሪያ ቦታውን ለ«ነፃ የንግድ ቀጠና» ሲለቅ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ደግሞ ሦስተኛ መጠሪያ አስከትሏል። በዚህ ላይ የከተማዋ ስም በአማርኛ አንዴ ተገጥሞ አንዴ ተነጥሎ ይጻፋል፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ ያገኘውን ክፍል ሙሉው እንደሆነ አድርጎ ይወስዳል። «በጉዳዩ ላይ ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት የለም» የሚለው በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ የሚገኝ ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በየትኛው ስም ሲፈለግ ስንት ሰነድ ይገኛል? ስንቱስ ይቀራል? ካታሎጉ ስሞቹን እንዴት ቢያስተሳስር የቀረው ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች ሊለኩ የሚችሉ፣ መልሳቸውም ለብዙዎች የሚጠቅም የጥናት ጥያቄዎች ናቸው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው አይጠይቃቸውም፤ የኢንጂነሪንግ ተመራማሪውም እንዲሁ። ባለቤታቸው የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ባለሙያው ነው። እሱ ግን የሌሎችን ጥናት የሚያገለግል እንጂ የራሱ ጥናት ያለው ሰው ተደርጎ አይታይም። ከዚህ የሚብሰው ራሱም ራሱን እንዲህ አድርጎ ማየቱ ነው።

ችግሩ የሥልጠና እጦት ነው ማለት አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፏል። ከዚያ የወጣ ባለሙያ የመመረቂያ ጥናት ሠርቷል፤ ናሙና መውሰድም መጠይቅ መተንተንም ያውቃል። ጥናቱ የሚቆመው በምረቃው ማግስት ነው። ተመራቂው ወደ ሥራ ሲገባ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደበው በአስተዳደር ሠራተኛነት ነው። የደረጃ ዕድገቱ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም ምዘና እንጂ ባሳተመው ጽሑፍ አይወሰንም። የምርምር በጀት ሲታወጅ ማስታወቂያውን በሰሌዳ ላይ ይለጥፋል እንጂ አይወዳደርበትም። ለመምህሩ የምርምር ጊዜ በሥራ ድርሻው ውስጥ ሲቆጠርለት፣ ባለሙያው ግን ጥናት ቢያምረው ከእረፍቱ ሰዓት ላይ መቀነስ ይኖርበታል።

ጥፋቱን ሁሉ በመዋቅር ላይ መጣል ግን ከእውነት ያርቃል። ሙያው ራሱ ለጥናት ያሳየው ምርጫ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። «የተጠቃሚዎች እርካታ» በሚል ርእስ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በአንድ መጠይቅ የሚሠራ ጥናት ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። መደምደሚያውም ሳይነበብ ይገመታል፦ መጻሕፍት ያንሳሉ፣ ኮምፒዩተሮች አይበቁም፣ መብራት ይቆራረጣል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነትነቱ ከመጠይቁ በፊትም የታወቀ ነበር። በድሬዳዋ ካለ ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ፓርኩ የተጓዘ፣ መረጃ በፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር የጠየቀ የሙያው ሰው ቢኖር ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይዞ በተመለሰ ነበር።

ሙያውና ምርምሩ በኢትዮጵያ ተለያይተው የኖሩ አይደሉም። ሪታ ፓንክኸርስት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት የት እንደደረሱ መከታተል በመሠረቱ የቤተ መጻሕፍት ሰው ጥያቄ ነው፦ ስብስቡ ምን ነበር? ማን ወሰደው? ዛሬ በየትኛው ካታሎግ ተመዝግቦ ይገኛል? ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሖይናትስኪም ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መሠረት የሆነውን ስብስብ አሰባስበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ያሳተሙት ሰፊ ጥናትም የመጣው ከዚያው ሥራ ነው። ሁለቱም ጥያቄያቸውን ከሩቅ አላመጡም፤ በየቀኑ በእጃቸው ከሚያልፈው ነገር ወሰዱት።

ሁለቱም የውጭ ተወላጆች እንደነበሩና የዛሬው ባለሙያ የሌለው ዕድል እንደነበራቸው ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም ዕድሉ ለአገሬው ባለሙያ ለምን እንዳልደረሰ የሚያስጠይቅ እንጂ ጥናቱን አላስፈላጊ የሚያደርግ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የአካዳሚክ ማዕረግ አለው። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮም በካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ፣ በማስረጃ ላይ ለተመሠረተ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ብቻ የተሰጠ መጽሔት ይታተማል።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ ከኢንዱስትሪ ጋር የተዋወቀችው በፓርኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች፤ የባቡሩ ጥገና ቦታዎች፣ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተከተሉ። የባቡሩ ኩባንያ በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር የከተማዋ የሠራተኛ ታሪክ አንድ ክፍል የተጻፈው ብዙ ነዋሪዎቿ በማያነቡት ቋንቋ ነው። የታሪክ ተመራማሪ ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱን ሲያገኝ፣ ያገኘው ከእሱ በፊት አንድ ሰው ጠብቆ ስላቆየለትና ምንነቱን ስለመዘገበለት ነው።

ዛሬ በፓርኩ የሚመረተው ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ ይገኝ እንደሆነ የጠየቀ ማን ነው? የማሽን መመሪያዎች፣ የሥልጠና ማስታወሻዎች፣ የሥራ ደኅንነት ማሳሰቢያዎች፣ የቅጥር ውሎች በየኩባንያው እጅ ናቸው፤ ኩባንያው ሲሄድ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ስለ ሥራ መጥፋቱ በሰፊው ተወርቷል። በዚያ ፋብሪካ የተከማቸው የሥልጠና ልምድና ሰነድ ስለሚሆነው ነገር ግን ከመረጃ ባለሙያዎች ወገን የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ድምፅ ለማሰማት አስቀድሞ የተጠና ነገር መኖር አለበትና።

ቋንቋውም ሌላ ጥያቄ ነው። የድሬዳዋ ሠራተኛ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ ይናገራል፤ ባለሀብቱ ሌላ ቋንቋ ይዞ ይመጣል። አንድ የደኅንነት ማሳሰቢያ ከአምራቹ መመሪያ ተነሥቶ ማሽኑ ዘንድ እስከቆመችው ሠራተኛ ድረስ ሲጓዝ ስንት ጊዜ ይተረጎማል? በየትኛው ትርጉም ላይ ምን ይጎድላል? በጽሑፍ ይደርሳታል ወይስ በአለቃዋ አፍ ብቻ? እዚህ ላይ የሚጎድለው መረጃ ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። ቢሆንም ይህን የመሰለ ጥያቄ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ አይደለም ተብሎ ይተዋል፤ መጽሐፍ ስለሌለበት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የብሔራዊ ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዝዛል። ይህም የባለሙያውን ሥራ ከፍ አድርጎታል፤ ነገር ግን አሁንም የሚያስቀምጠው የሌላውን ጥናት ነው። የራሱን እንዲያስቀምጥ የሚያስፈልገው ነገር ያን ያህል ውድ አይደለም። በሥራ መዘርዝሩ ላይ ጥናት በስም ተጠቅሶ በምዘናው ነጥብ ቢያዝለት፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ቢፈቀድለት፣ ከትምህርት ክፍል መምህር ጋር በጋራ ለምርምር በጀት የመወዳደር መብት ቢኖረው ለመነሻ ይበቃል። የሙያ ማኅበሩም በዓመታዊ ጉባኤው ከንግግሮቹ ላይ ቀንሶ ያልተሳኩ ሙከራዎች ሳይቀሩ የሚቀርቡበት ሰዓት ቢመድብ ወጣቱ ባለሙያ አይፈራም ነበር። ጥናት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ስሕተቱን ነውና።

ለድሬዳዋና በሐረር መንገድ ላይ ለሚገኘው ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን የመጀመሪያ የጋራ ሥራም በእጅ አለ። የፓርኩን ስሞች በየቋንቋውና በየአጻጻፉ መሰብሰብ፤ በእያንዳንዱ ስም በሁለቱ ካታሎጎችና በብሔራዊው ማከማቻ ፈልጎ የተገኘውን መቁጠር፤ ከዚያም ስሞቹን በካታሎጉ አስተሳስሮ እንደገና መቁጠር። ሁለት ባለሙያዎችና አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአንድ የትምህርት መንፈቅ ሊጨርሱት ይችላሉ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የሚገኘው ልዩነት የመጀመሪያው ጽሑፋቸው ይሆናል፤ ልዩነት ካልተገኘም ያው ይጻፋል።