ከልጆች በኋላ የመዋኛ ክበብ መዋጮ

በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲና በሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሮች ከሚገኙት የመዋኛ ክበቦች ብዙዎቹ ጎረቤታሞች ያቋቋሟቸው፣ ትርፍ የማያከፋፍሉ ማኅበራት ሲሆኑ፣ አባልነቱም የግለሰብ ሳይሆን የቤተሰብ ነው፤ ይኸውም ቤተሰቡ ሲገባ ድርሻ ይገዛል፣ ከዚያም በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ ገንዳው ደግሞ ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማለትም ከሜሞሪያል ዴይ እስከ ሌበር ዴይ፣ መቶ ቀን ያህል ክፍት ሆኖ ይዘጋል። የመጨረሻ ልጁ ኮሌጅ የገባችለት የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነ ወዳጅ ከዚህ አምድ ጸሐፊ ጋር ሲጫወት የሚያነሣው ጥያቄ እንግዲህ አጭር ነው፦ «ልጆቹ ሄደዋል፤ ገንዘቡ ለምን ይከፈላል?»

ጸሐፊው ገና ሳይመልስ ወዳጅየው ራሱ «እድርስ ቢሆን ልጅ አደገ ተብሎ ይተዋል እንዴ?» በማለት የመቆያ ምክንያት ያቀርባል። ንጽጽሩ ደስ ቢልም የተገለበጠ ነው፤ እድርተኛው የሚያዋጣው ወደፊት ለሚመጣ ቀን ሲሆን፣ የመዋኛ ክበብ አባል ግን ጥቅሙን አስቀድሞ ወስዶ ጨርሷል። መዋጮው በቤተሰብ እንጂ በሰው ቁጥር ስለማይሰላ፣ የወዳጅየው ልጆች ትንንሽ በነበሩበት ዘመን የውሃ ማጣሪያውንና የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ወጪ ከእሱ እኩል ይሸፍኑ የነበሩት ልጆቻቸው ከቤት የወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። «እንግዲያው ዕዳ አለ ማለት ነው?» ቢል፣ ማንም የሚጠይቀው ዕዳ የለም፤ ሆኖም መዋጮውን ለዋና ቀናት አካፍሎ «አንዱ ዋና ይህን ያህል ዶላር ወጣበት» የሚለው የተለመደ ስሌት ይህን ታሪክ ዘልሎ የሚያልፍ ነው።

ወዳጅየው ክበቡን ለመተው ቢያመነታ እንኳ፣ የናፈቀው ውሃው መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በየሰፈራቸው ቡድን በሚወዳደሩባቸው የበጋ ሊጎች፣ ለምሳሌ በ1956 በተመሠረተው የሰሜን ቨርጂኒያ የዋና ሊግ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የሌለው ወላጅ አይገኝም፤ አንዱ በመስመሩ ጫፍ ቆሞ የሩጫ ሰዓት ይይዛል፣ ሁለተኛው የልጁን ክንድ ጨብጦ የውድድሩንና የመስመሩን ቁጥር በማርከር ይጽፍበታል፣ ሌላዋ ተራቸውን የሚጠብቁትን የስምንት ዓመት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ በቅደም ተከተል ታስቀምጣለች። በአዘቦት ቀን ደግሞ በየሰዓቱ ፊሽካ ተነፍቶ ልጆች ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ከገንዳው እንዲወጡና ውሃው ለአዋቂዎች ብቻ እንዲተው የሚያዝ ደንብ በብዙ ክበቦች አለ፤ በዚያች ጊዜ ልጆቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ጠርዙ ላይ ተደርድረው ቀጣዩን ፊሽካ ይጠባበቃሉ። ወዳጅየው በእነዚያ ደቂቃዎች እንኳ አልዋኘም፤ ሳንድዊች ሲያድል ነው ያለፉት። ለዓመታት ያልዋኘ ሰው፣ ልጆቹ ስለሄዱ ብቻ ዋናተኛ ይሆናል ብሎ መዋጮ መክፈል የማይመስል ተስፋ ነው።

«ታዲያ ይውጣ?» የሚለው ጥያቄ ግን ድርሻው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይመለስም። ለምሳሌ በ1958 በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ የተቋቋመው የዊተን ሄቨን ክበብ አባላቱን ከ325 ቤተሰብ እንዳይበልጡ የወሰነ ሲሆን፣ ቤቱን ሸጦ አባልነቱን የሚመልስ ሰው ቦታውን የማግኘት ቅድሚያ ለቤቱ ገዢ እንዲያልፍ ደንቡ ይፈቅድ ነበር። በ1968 ግን በክበቡ አካባቢ ቤት የገዛ ጥቁር አሜሪካዊ ከቆዳው ቀለም የተነሣ ማመልከቻ እንኳ ተከለከለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1973 ክበቡ ከእኩልነት ሕግ ውጪ የሚሆን የግል ክበብ አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያ ቀደም በ1969 በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲን የሊትል ሃንቲንግ ፓርክ ክበብ በሚመለከት ተመሳሳይ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አካባቢው የመጡት ከእነዚህ ፍርዶች በኋላ ነው። ታሪኩ ለዘላለም ለመክፈል ምክንያት አይሆንም፤ የድርሻውን ወረቀት ሳያነቡ ለመጣል ግን አያስደፍርም፤ ቤት ለመሸጥ የተቃረበ ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊያነበው ይገባል።

የጸሐፊው አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው፦ ወዳጅየው መጀመሪያ ልጅ ለሌላቸው ጥንዶች ወይም ለአረጋውያን የተቀነሰ መዋጮ መኖሩን ይጠይቅ፤ ክበቡ ድርሻን ይዞ አንድ በጋ ማረፍን የሚፈቅድ ከሆነም ይረፍ፣ ቦታውም ወረፋ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ለአንድ በጋ ይሰጥ። ጁላይ አልቆ ባልና ሚስቱ ስለ ገንዳው ካላነሡ፣ የሚቀጥለው ሂሳብ ሳይመጣ ድርሻውን ይመልስ። መዋኘት ካማራቸው በ2024 በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ የተከፈተው የካውንቲው መዋኛ ክረምትም ይሠራል። «የልጅ ልጅ ሲመጣስ?» ላለው፣ ገና ላልተወለደ ሕፃን የአሥር በጋ መዋጮ ከመክፈል ከአባል ጎረቤት ጋር ገብቶ በር ላይ የእንግዳ ሂሳብ መክፈል ይረክሳል።

ወዳጅየው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሰዓት የሚይዝ ሰው አሁንም ይጎድላቸው ይሆን?» ሲል ይጠይቃል። መጉደሉ አይቀርም፤ ልጆቻቸው ከሊጉ ከወጡ በኋላም በዳኝነት የሚቀጥሉ ወላጆች አሉ፤ ለቅዳሜ ጠዋት ይህ ይበቃዋል።