የቅጥሩ ዛፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች! ከመገናኛ ሆናችሁ ወደ እንጦጦ ቀና ብትሉ ተራራውን የሸፈነው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ ማገዶ በቸገረ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አገር በቀሉ ጽድና ወይራ ሲመነጠር በብዙ ስፍራ መጠጊያው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሆነ። በደቡብ ጎንደርም የጥንቱ ደን ቅሪት እስከ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው በየአድባራቱ ዙሪያ ነው።

አባቶቻችን ዛፍ አላመለኩም፤ ለፈጣሪ የተለየውን መድፈር ግን ፈሩ። የኦሮሞ ወገኖቻችንም በገዳ ሥርዓት ጉባኤያቸውን የሚያደርጉበትን ኦዳ በክብር ይጠብቃሉ።

በቅዳሴ ዲያቆኑ ስለ ዝናም እንድንማልድ ያውጃል፤ የምድር ፍሬ የሆኑት ስንዴና ወይንም በመሠዊያው ላይ ተለውጠው የጌታ ሥጋና ደም ይሆናሉ። ታዲያ ጠዋት ስለ ዝናም ማልደን፣ ከሰዓት በኋላ ለኪራይ ሱቅ ብለን የቅጥሩን ወይራ ብንቆርጥ፣ የጸለይነውን በእጃችን አናፈርስምን?

ደብሩ ገቢ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሱቅ በሌላ ቦታ ይሠራል፤ የመቶ ዓመት ጽድ በአንድ ክረምት አይተካም። ስለዚህ የቅጥራችንን አገር በቀል ዛፎች ቆጥረን እንመዝግብ፤ ምሳር ከመነሣቱ በፊት ሰበካ ጉባኤውን በትሕትና እንጠይቅ፤ በክረምት የተከልነውን ችግኝም በበጋ እናጠጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።