ጭረት የበዛበት የኮምፒዩተር ስክሪን

በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ከአንዲት እኅታችን ደብዳቤ የመጣ ነው። ትንሹ ልጃቸው ለዒድ ቤት ሲጸዳ ላግዝ ብሎ የኮምፒዩተሩን ስክሪን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጎታል። እኅታችን የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። ጭረቱን በቤት ውስጥ ማጥፋት ይቻላል ወይ? ካልጠፋስ ቫዝሊን ቀብቶ መሸጥ ይቻላል ወይ?

አስቀድመን ልጁን እንዳይቆጡት አደራ እንላለን፤ ያሰበው ደግ ነውና።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀልና ስክሪኑ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይቀድማል። በጠፋው ስክሪን ላይ የእጅ ባትሪ ከጎን ቢያበሩበት ጭረቱ በግልጽ ይታያል። ብዙ ጊዜ ጭረት የመሰለው የጣት ቅባት ወይም የስቲከር ሙጫ ሆኖ ይገኛል። ለጣት ቅባቱ በንጹሕ ውኃ ረጠብ ያለ የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ሳይጫኑ መጥረግ ነው። ውኃው ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይረጭም፤ ወርዶ በጠርዙ ይገባልና። ሶፍትም ቢቀር ይሻላል፤ ከአቧራው ጋር ሆኖ ራሱ ይጭራል። ስክሪኑ ሲበራ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ቀጥ ያለ መስመር የሚታይ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከውስጥ ስለሆነ ከላይ የሚቀባ ነገር አይረዳውም።

ሰዎች ሁሉ ቶሎ የሚመክሩት የጥርስ ሳሙና ነው። እኛ አንመክረውም። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚፈትግ ደቃቅ ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት ጭረቱን አይሞላውም፤ በዙሪያው ያለውን ፕላስቲክ ፈትጎ ከጭረቱ ጋር ለማስተካከል ይሞክራል እንጂ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ጠፍጣፋ ሞኒተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተደረገ ደብዛዛ ሽፋን አለው። ያ ሽፋን ከተፈተገ በቦታው የሚያብረቀርቅ ምልክት ይቀራል፤ ይኸውም ከጭረቱ ይልቅ ዓይን የሚስብ ነው። አሴቶን፣ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃና የጥፍር ቀለምም ሽፋኑን ይጎዳሉ። ከኋላው ወጣ ያለውና እንደ ድሮ ቴሌቪዥን የሆነው አሮጌ ሞኒተር ፊቱ ወፍራም መስታወት ስለሆነ የጥርስ ሳሙና ለጥልቅ ጭረቱ ምንም አይፈይድለትም። እርሱን ከፍቶ ለመጠገን መሞከር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ቫዝሊን ከእነዚህ ይለያል። ብርሃን በቫዝሊን ውስጥ ሲያልፍ የሚታጠፈው በፕላስቲኩ ውስጥ ከሚታጠፈው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጭረቱን ሲሞላው ብርሃኑ መበተኑን ይቀንስና ጭረቱ የጠፋ ይመስላል። የስንዴ ቅንጣት የምታህል በጨርቅ ጫፍ ወስዶ ጭረቱን ብቻ መቀባት፣ ትርፉንም ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። አቧራ ይይዛል፤ ስክሪኑ በተጠረገ ቁጥርም እየለቀቀ ይሄዳል። በቤት ለሚገለገሉበት ሰዎች ግን በቂ ነው።

ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ በቀስታ ሲያሳልፉት የሚይዘው ከሆነ ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ በቤት ውስጥ አይጠፋም። የእኅታችን ስክሪን በሽቦ የተፈተገ በመሆኑ ሽፋኑ ብዙ ቦታ ላይ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ደኅና ከሆነና ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚከታተሉበት ከሆነ እንዳለ ቢገለገሉበት እንመርጣለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ መቶት ነው አለ። እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ይህን ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። ያ ሰው ዝናቡን አላመጣውም፤ እኅታችንም ጭረቱን አላመጡትም። የሚጠየቁበት መሸፈኑ ነው። ሸሽጎ የተሸጠ ነውር ሲገለጥ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለውም ዑለማዎች በንግድ ሕግጋት ውስጥ አስፍረዋል። ገዢው ጎረቤት ወይም ዘመድ ቢሆን፣ ባይጠይቅም፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ያው ነው።

እንግዲህ መሸጥ ክልክል አይደለም። ቫዝሊኑን ጠርገው፣ ኮምፒዩተሩን አብርተው፣ ነጭ ገጽ ከፍተው፣ ጭረቱን በጣትዎ እያመለከቱ ያሳዩ። ከዚያ በዋጋው ይነጋገሩ። ወላሁ አዕለም።