ድልድዩን ከሱቆቹ ነጥሎ ማዳን አይቻልም

የአዲስ አበባው ራስ መኮንን ድልድይ እስካልፈረሰ ድረስ ቅርሱ ተጠብቋል፤ ዙሪያው ያሉት ትንንሽ ሱቆች ግን ገጽታ ስለሚያበላሹ ይነሱ፤ ነጋዴው የትም ሄዶ ይሠራል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አልስማማም።

ቅርስ ድንጋይ ብቻ አይደለም። የቦስኒያዋ ሞስታር ድልድይ በ1993 እ.ኤ.አ. በጦርነት ወደመ፤ እንደገና ተሠርቶ በ2004 ተከፈተ። ዩኔስኮ በማግሥቱ ዓመት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ግን ድልድዩን ብቻውን አልመዘገበም፤ የአሮጌውን ከተማ የድልድይ አካባቢ በሙሉ ነው እንጂ። በጣሊያኗ ፍሎረንስም ወርቅ ሠሪዎቹ ዛሬም የሚሸጡት በከተማዋ አሮጌ ድልድይ ላይ ነው፤ ገጽታ አበላሹ ያላቸው የለም።

ሱቆቹ አርጅተዋል? አዎ፤ ጣሪያቸው ይጠገን፣ መጸዳጃ ይሠራላቸው። ያረጀ ሁሉ ይፍረስ ከተባለማ ድልድዩስ ለምን ይተርፋል?

ከሁሉ የከፋው «የትም ሄዶ ይሠራል» የሚለው ነው። የጫማ ጠጋኝ ደንበኛ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚያልፈው ሰው ነው። ጠጋኙን ከተማ ዳር ብታሰፍሩት ደንበኛው አይከተለውም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ስንቱ ከገበያው እንደተለያየ አይተናል። በቀበሌ ቤት ተከራይቶ የሚነግድ ሰው ቤቱ የራሱ ስላልሆነ የቤት ካሳ አያገኝም፤ ደንበኛው ብቸኛ ሀብቱ ነው። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 በርዕሱ ላይ እንኳ ተነሺዎች «መልሰው የሚቋቋሙበት» ይላል። እንግዲያው አካባቢው የሚታደስ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነጋዴዎቹ ይመዝገቡ፤ ሲያልቅም በሚችሉት ኪራይ እዚያው ድልድዩ አጠገብ ይመለሱ።