የመተማ ዳገትና የርዳታ ብስክሌት

ቱር ዳፍሪክ ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚያበቃ፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍንና አራት ወር የሚፈጅ የብስክሌት ጉዞ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሄንሪ ጎልድ አስቀድሞ በሰብአዊ ርዳታ ሥራ የቆየ ካናዳዊ ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ድረስ መንገዱ ሱዳንን ጨርሶ በገላባት በኩል መተማ ይገባ ነበር፤ መተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ከተማ ናት። ከዚያ በገንዳ ውሃና በአይከል አድርጎ ጎንደር ይወጣ ነበር።

ጉዞው በመሠረቱ የንግድ ሥራ ነው፤ ተሳታፊው ከፍሎ ይጋልባል። የበጎ አድራጎቱ ጎን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለአካባቢ ማኅበረሰቦችና ለጤና ሠራተኞች ብስክሌት የሚሰጠው የድርጅቱ ፋውንዴሽን ነው። ሁለተኛው ብስክሌተኛው በግሉ ከዘመድ፣ ከወዳጅና ከሥራ ባልደረባ ለመረጠው ዓላማ የሚሰበስበው ገንዘብ ነው። በዚህ በሁለተኛው፣ ገንዘቡን ከኪስ የሚያወጣው የጋላቢው ድካም ነው፤ ዳገቱ ሲከብድ ቃል የሚገባው ሰው ይበዛል። ቦታው ለከባድነቱ ይመረጣል ማለት ነው፤ ወቅቱ ግን መጋለብ እንዲቻል ለምቾቱ ይመረጣል። ከዚህ የተነሣ እንዲህ ያለ ጉዞ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ዋና ችግር፣ የክረምቱን የቀን ሠራተኞች በሽታ፣ አጠገቡ ሆኖ ሳያየው ያልፋል።

የመንገዱ ከባድነት የወሬ አይደለም። መተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ የ1,400 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት ብቻውን ከ1,100 እስከ 1,400 ኪሎ ካሎሪ ይበላል። መንገዱ እየወረደ ስለሚወጣ እውነተኛው ሒሳብ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሜዳ ላይ ፍጥነቱ የሚፈጥረው ነፋስ ላቡን እያደረቀ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ይወርድና ነፋሱ ይጠፋል፤ ላብ ሳይደርቅ ይንጠባጠባል፣ ውሃውም ጨውም ይባክናል። የሱዳንን ሜዳ እየበረሩ የመጡ ሰዎች ኢትዮጵያ በገቡ ማግሥት ይደክሙ የነበረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ መንገዱ ጠጠር ስለነበር መከራው እጥፍ ነበር። 

ከጎንደር ወዲያ ያለው ዓባይ በረሃ በዝና ይበልጣል። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው አቀበት በሰዓት የሚለካ ውድድር ሆኖ ያውቃል። ስለ ዳገቱ ግን ይህ ይበቃል።

ብስክሌተኞቹ በጥር ከካይሮ ተነሥተው መተማ ይደርሱ የነበረው በየካቲት ነው። ያን ጊዜ ሰሊጡ ተወቅቶ፣ ማሽላው ተሰብስቦ፣ ጥጡ ተለቅሞ አልቋል፤ ሣሩ ደርቋል፤ እርሻው ባዶ ነው። የሚያልፈው ሰው የሚያየው ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ግን ቆላው ሌላ አገር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ለአረም፣ ከመስከረም በኋላ ለአጨዳ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ በረሃ ይወርዳል። አብዛኛው ወጣት ነው፤ ከእርሻው ዳር በዳስ ወይም ከዛፍ ሥር ያድራል። ደገኛ ስለሆነ ለቆላ በሽታ ሰውነቱ አልተለማመደም። ወባ የምትበረታውም በዚሁ በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው።

ከወባ ባላነሰ የሚያስፈራው ካላ አዛር ነው። የአሸዋ ዝንብ ያስተላልፈዋል፤ ዝንቧ በመረሬው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሠራተኛው የሚያድረውም እዚያው ነው። ትኩሳቱና ክሳቱ የሚታየው፣ ጣፊያው የሚያብጠው ከተነደፈ ከወራት በኋላ ስለሆነ ሰውዬው ብዙ ጊዜ ታሞ የሚተኛው አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ካልታከመ ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የተነሣው ወረርሽኝ ከቆላው ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዞ ተጠንቷል። የሊቦ ከምከም ዋና ከተማ አዲስ ዘመን ያለችው ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አስፋልት ላይ ነው፤ ቱር ዳፍሪክ ያልፍ የነበረውም በዚሁ አስፋልት ነው። በሽታው የተጓዘበትና ብስክሌቱ የተጓዘበት መንገድ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ወሩ ነው።

የሚሰጠው ብስክሌትም ቢሆን ለዚህ ችግር ብዙም አይደርስም። ከመተማ እስከ ገንዳ ውሃ ያለው ሜዳ ለብስክሌት የሚመች ነው፤ በበጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሰጣት ትጠቀምበታለች። ነገር ግን ሠራተኛው በሚወርድበት ክረምት መረሬው ጭቃ ጎማ ይይዛል፤ ወደ እርሻዎቹ የሚገባው ትራክተር ነው፣ እሱም ከቻለ። የካላ አዛር በሽተኛ የሚያስፈልገው ቀድሞ መመርመር፣ ከዚያም በሁለት መድኃኒት ለ17 ቀን በየቀኑ መወጋት ነው። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በቆላው በአብደራፊ ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ የመኪናው፣ የምግቡና የባከነው የቀን ሒሳብ ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። አንድ ብስክሌተኛ የሚሰበስበው መጠነኛ ገንዘብ ሊደፍነው የሚችለው ይህን ክፍተት ነው።

አዘጋጆቹን ወቅት ለውጡ ማለት ግን የዋህነት ነው። የሱዳን በረሃ ከመጋቢት በኋላ አይገባበትም፤ የመተማው ክረምትም ለጎማ አይሆንም። ከዚህም ላይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት መንገዱን ሌላ አድርጎታል፤ በመተማ በር የሚገባው ስደተኛ ሆነ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ መካከልም ሠራተኛው በረሃ መውረዱን አልተወም፤ ሰሊጡ እጅ ይፈልጋል።

ወቅቱን መለወጥ ባይቻልም፣ ጋላቢው የሚያልፍበት ወርና ገንዘቡ የሚደርስበት ወር አንድ መሆን የለባቸውም። በየካቲት የተሰበሰበ ገንዘብ በግንቦት ገንዳ ውሃ ቢደርስ፣ ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት አጎበርና ፈጣን መመርመሪያ ይገዛል፤ የተረፈው ለታማሚዎች የመኪና ኪራይ ይቀመጣል።