ከሐኪሙ ቃል በኋላ ያለው ሐዘን፦ ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምና ልባችን

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ነው። የዛሬው ጉዳይም ከአንጀት የሚጀምር ቢሆንም ከምግቡ ይልቅ ስለ ልባችን የምናገረው ይበዛል። እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእርሱ ብጀምር ይሻላል።

እኔ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ መድኃኒት ቤት የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። አንዲት የሰፈራችን እህት ለሁለት ዓመት ያህል በየጊዜው እየመጣች «አሜባዬ ተነሳብኝ» ትለኝ ነበር። ያስቀምጣታል፣ ደም ይቀላቀልበታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል። እኔም ያለ ሐኪም ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል እየቆጠርኩ ደጋግሜ ሰጠኋት። «ሰገራሽን ተመርምረሻል ወይ? ክብደትሽ ቀንሷል ወይ?» ብዬ የጠየቅኳት ቀን ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ደም አንሷት ስትወድቅ ሆስፒታል ተወሰደች። አንጀቷ በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ናሙናም ተወስዶ «አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ» የሚባል ሥር የሰደደ የአንጀት ቁስለት እንዳለባት ተነገራት።

ማዘዣውን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ ሰው ተሰልፎ ነበር። የታዘዘላት ፕሬድኒሶሎንና ሱልፋሳላዚን ነው። «መቼ ነው የምጨርሰው?» አለችኝ። እኔም የገንዘቧን መልስ እየቆጠርኩ «ይሄኛው እንኳ የሚጨረስ አይደለም» ብያት ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ።

በወሩ አልመጣችም። ከሁለት ወር በኋላ እናቷ መጥተው ልጃቸው ድንገተኛ ክፍል መግባቷን ነገሩኝ፤ ትንሽ ሲሻላት ሁለቱንም ክኒን በአንድ ቀን አቁማው ኖሯል። አልሐምዱሊላህ ተርፋለች። ቤቷ ሄጄ ስዘይራት «ለምን አቆምሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የዳንኩ መስሎኝ አይደለም። ክኒኑን ባየሁት ቁጥር ዕድሜ ልኬን በሽተኛ መሆኔ ትዝ እያለኝ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ሕመም የተነገረው ሰው ሐዘኑም እንደ ቁስሉ መታከም አለበት። ሐዘኑ ካልታከመ ክኒኑ አይዋጥም፤ ክኒኑ ካልተዋጠ አንጀቱ ይደማል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሥር የሰደደ የአንጀት ቁስለት ሲባል በዋናነት ሁለት ሕመሞችን ይመለከታል። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል ነው። ሁለተኛው «ክሮንስ» ይባላል፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን ማንኛውንም የምግብ መተላለፊያ ሊነካ ይችላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከባልደረቦቻቸው ከጊንዝበርግና ከኦፐንሃይመር ጋር ሕመሙን በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ካብራሩት ከዶክተር ክሮን ነው። በሁለቱም የገዛ ሰውነታችን የመከላከያ ኃይል አቅጣጫውን ስቶ አንጀትን ያቆስላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቡዳም አይደለም፣ እናት የጨመረችው በርበሬም አላመጣውም። «በጭንቀትሽ ያመጣሽው ነው» የሚለው ወቀሳም ልክ አይደለም፤ ጭንቀት የሕመሙን ስሜት ሊያባብስ ቢችልም የሕመሙ መነሻ ግን አይደለም።

በአገራችን ነገሩን የሚያወሳስበው አሜባ፣ ጃርዲያና የአንጀት ቲቢ መኖራቸው ነው። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ ለስፔሻሊስት ሐኪም እንኳ ለመለየት ያስቸግራሉ። መለየቱ ግን ግድ ነው፤ ቲቢ በመድኃኒቱ ይድናል፣ ለክሮንስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ግን ያልታወቀ ቲቢን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ምርመራ ሲደጋግም «አላወቀም» ብላችሁ አትሽሹ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰውም ወደ እኛ መስኮት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እነርሱም እንደ ቅዱስ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳ ወዳሉ የአንጀት ስፔሻሊስት ወዳለባቸው ሆስፒታሎች ይልኩታል።

ሕመሙ ይነሳል፣ ይተኛል። ሲተኛ ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ይነግዳል። እንደ አያቶቻችን ዘመንም አይደለም። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ ለመገጣጠሚያ ሕመም ያሰበችው ሱልፋሳላዚን ለአንጀት ቁስለት እንደሚረዳ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሐኪሞች ኮርቲዞን የተነሳን ሕመም እንደሚያበርድ በጥናት አሳዩ። ዛሬ ከእነዚህ በላይ የሆኑ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ ባይሆንም የመጀመሪያዎቹ ክኒኖች ብዙ ሰው ያቆማሉ።

ማልቀስ የኢማን ጉድለት ነውን?

ያችን እህት ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ስታለቅስ ሲያዩ «አላህን ፍሪ፣ ሰብር አድርጊ» ይሏት ነበር። ክፋት አስበው አይደለም። ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል፤ ነብዩላህ የዕቁብም በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል። ሰብር ማለት እንባ ማድረቅ ቢሆን ኖሮ እነርሱ ባላለቀሱ ነበር። በቀደምቶቹ ያየነው ሰብር፣ እያዘኑ ማድረግ የሚገባውን ማድረግ ነው። ለዚህች እህት ማድረግ የሚገባት ክኒኗን መዋጥ፣ ቀጠሮዋን መጠበቅና የሚያዳምጣትን ሰው መፈለግ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው «ላብራቶሪው ተሳስቶ ነው» ይላል፤ ከዚያ ይናደዳል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የሕመሙን ስም በማወቁ ብቻ እፎይ ይላል። ሁሉም ያለ ነው። ነገር ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና የሚወዱት ነገር ሁሉ ከጠፋ፣ ሞትን መመኘት ከመጣ ይህ ድብርት የሚባል ሌላ ሕመም ነው፤ የአንጀት ቁስለት ባለባቸው ሰዎች ላይም ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። መድኃኒትም ምክርም አለው። ለአንጀት ሐኪማችሁ ንገሩት። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሞትን የሚመኝን ሰው ደግሞ ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ከሰፈራችን የምንማረው

ክፍለ ከተማችን በሽታ መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ያውቃል። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛነት ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተቀናጁ መድኃኒቶች የሚድን ሆኗል፤ ቀድሞ የታከመ ሰውም አካሉ አይጎድልም። ሰውን ለአካል ጉዳት ከዳረጉት ነገሮች አንዱ ግን እፍረት ነበር፤ ታማሚው እስኪብስበት ተደብቆ ይቆያል። የዳኑትም ልጆቻቸውም ከበሽታው በኋላ እንኳ ስሙ አልለቀቃቸውም።

የአንጀት ሕመም በመልክ አይታይም፣ አይተላለፍም። ስለ ሰገራና ስለ ደም ማውራት ግን ነውር ስለሆነብን ሰዉ ይደብቀዋል። እኔ ለሁሉም ሰው ይነገር አልልም። አንድ ሰው ግን ይወቅ፤ እናት፣ ባል፣ እህት ወይም የልብ ጓደኛ። ክኒኑ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ሲብስ ታክሲ የሚጠራ አንድ ሰው ይኑር።

ትንንሽ የሚመስሉ ትልልቅ ጭንቀቶች

ያቺ እህት ያለችበት ግቢ ስድስት አባወራ በአንድ መጸዳጃ ቤት የሚጠቀምበት ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌሊት አራት ጊዜ ስትነሳ የበሩን ድምፅ ጎረቤት ይሰማል። ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች በታክሲ ለመሄድ ሰልፍ ላይ ቆማ «አሁን ቢመጣብኝስ?» እያለች ታልባለች። ከካንሰር ይልቅ ይህን ነበር የምትፈራው።

ለዚህ የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ። ለአንዲት የግቢ እናት «የአንጀት ሕመም አለብኝ፣ ቶሎ ቶሎ ይወስደኛል» ማለት ብቻ ብዙ ሐሜት ይዘጋል። ሌሊት ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ፖፖ ማስቀመጥ አያሳፍርም። ቦርሳ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ላስቲክና ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይያዝ። በምትሄዱበት መንገድ መጸዳጃ ያለው መስጂድና ምግብ ቤት የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ዉዱእ የሚጨነቁም ብዙ ናቸው፤ ሶላት እስከ መተው የደረሱም አጋጥመውኛል። መቆጣጠር የማይችል ሰው ኡዝር እንዳለው በፊቅህ መጻሕፍት በሰፊው የተብራራ ጉዳይ ነው። ኡስታዛችሁን አፍራችሁ ሳይሆን በግልጽ ጠይቁ፤ እህቶችም በባል ወይም በኡስታዛ በኩል መጠየቅ ትችላላችሁ። ጾምም እንደዚሁ ነው። ለታመመ ሰው ሩኅሳ አለው፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፣ ተስፋ የማይደረግበት ከሆነ ፊድያ አለ። ሕመሙ በተነሳበት ረመዷን «ቢያመኝም እጾማለሁ» ብሎ መድኃኒት መዝለል ግን ሩኅሳውን የሰጠንን ጌታ ማስደሰት አይመስለኝም። ሕመሙ የተኛለት ሰው ደግሞ ከረመዷን በፊት ሐኪሙን አማክሮ የመድኃኒት ሰዓቱን ያስተካክል።

ያላገቡት «ማን ያገባኛል? እወልዳለሁ ወይ?» ይላሉ። ሕመሙ ተኝቶ እያለ የሴቶች የመውለድ ዕድል ከሌላው ሴት ብዙም አይለይም፤ ከእርግዝና በፊት ግን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ሱልፋሳላዚን በወንዶች ላይ የዘር ፍሬን ሊቀንስ ይችላል፤ በሐኪም ምክር ሲቀየር ይመለሳል።

ስለ ክኒኑና ስለ ገበታው

እኔ ለዚያች እህት ልነግራት ይገባ የነበረው ይህ ነው። ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም፤ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ፊት ሊያሳብጥ፣ እንቅልፍ ሊነሳ፣ ያለ ምክንያት ሊያስቆጣና ሊያስለቅስ ይችላል። ይህ ጠባይሽ ተበላሽቶ አይደለም፣ የመድኃኒቱ ሥራ ነው፤ ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ እንቅልፉን ያግዛል። ሱልፋሳላዚን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ደም መስሎሽ እንዳትደነግጪ። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትግዢ፣ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ ባህላዊ መድኃኒት አትጠጪ።

ሕመሙ ሲነሳ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላ የለሰለሰ ምግብ ይረዳል፦ አጥሚት፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ አልጫ። በርበሬ፣ ቆሎና ጥሬ አትክልት ለጊዜው ይቆዩ። ጥሬ ክትፎና ያልፈላ ወተት ደግሞ የመከላከያ ኃይልን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው። ሲተኛ ግን ወደ ቤት ምግብ ቀስ በቀስ መመለስ ያስፈልጋል፤ ፈርቶ ዓመቱን ሙሉ በሩዝ ብቻ የሚኖር ሰው በምግብ እጥረት ይጎዳል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ልጨምር። ለታመመው ሰው ለብቻው በሳህን አድርጋችሁ ጥግ አታስቀምጡት። በአንድ ትሪ ለምንበላ ሰዎች ከገበታ መለየት ከሕመሙ ይብሳል። አንዱን ወጥ አልጫ አድርጉትና ሁላችሁም አብራችሁ ብሉ።

በቀን ከስድስት ጊዜ በላይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከትኩሳት፣ ከልብ ምት መፍጠን ወይም ከሆድ መነፋት ጋር ከመጣ ግን ማስቆሚያ ክኒን ፍለጋ ወደ እኛ አትምጡ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሥራ ባልደረቦቼ

የመስኮታችን ሰልፍ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፦ ሐኪሙ ምን አለህ? ከቤት ማን ያውቃል? ምን ያስፈራሃል? እኔ አሁን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበር እሰጠዋለሁ፤ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ግን ይጠብቃል። ደም ያለበት ተቅማጥ ይዞ ሜትሮኒዳዞል የሚጠይቀኝንም ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። ቀጣዩም ሱቅ እንዲሁ ቢለው ኖሮ ያቺ እህት ሁለት ዓመት ባልደማች ነበር።

እርሷ አሁን በየወሩ ትመጣለች። አፉ እንድትለኝ ጠይቄያታለሁ፤ ብላኛለችም። ባለፈው ወር ክኒኗን ስትቀበል «መቼ ነው የምጨርሰው?» ብላ ሳቀች። እኔም በዚህ ጊዜ መልሱን መቁጠር አቁሜ ቀና ብዬ አየኋት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።